ከቦሌ ወደ ደብረ ብርሃን በጋራ ሚኒባስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እህቴ ከቤሩት ስትመጣ ቲኬቷን ፎቶ አንስታ በኢሞ ላከችልን። «ማርች 12፣ 01:20» ይላል። ታናሽ ወንድሜ ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር መልሶ «መጋቢት 3፣ ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 7፡20» ብሎ ለሾፌሩ ነገረው። ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ ሾፌሩም እኛም «ሐሙስ ሌሊት» ስንባል የመጣልን ሐሙስ ውለን፣ እራት በልተን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት መሆኑ ነው። እሷ የገባችው ለሐሙስ አጥቢያ ነበር። እኛ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ቤታችን ተኝተን፣ እሷ ቦሌ መኪና ማቆሚያው ዳር ሻንጣዋ ላይ እንደተቀመጠች ነጋባት።

ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም ሲመጣ መኪና የማስተባበሩ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። እህቴ ይህን እንደ ቅጣት ነው የምታየው። ይሁን፤ ባለፉት ዓመታት ራሴ የሠራሁትንም ሰው ሲሠራው ያየሁትንም ስህተት እዚህ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ግን የጋራ ሚኒባስ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልናገር። ከኤርፖርቱ ደጃፍ ቆሞ «ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሰው የቀረው!» የሚል መኪና አገኛለሁ ብላችሁ አትምጡ። ሰው የሚሄደው ወይ በተቀራራቢ ሰዓት የሚገቡ ሦስት አራት መንገደኞች አንድ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘው ሂሳቡን ተካፍለው ነው፤ ወይ ደግሞ ከቦሌ በታክሲ ወጥቶ፣ በመገናኛ አድርጎ ላምበረት መናኸሪያ ገብቶ፣ ተራ የያዘውን ተሳፍሮ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሦስት ሰዓት ገደማ።

የሌሊቱን ቀን ማምታታት

ሰዓቱን መቀየር አይከብድም። በባለ እጅ ሰዓት ላይ ትይዩውን ቁጥር ማንበብ ነው፤ 1 ካለ 7፣ 2 ካለ 8። ሰው የሚሳሳተው በቀኑ ላይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል፣ የኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የሚያርፍ በረራ ሁሉ «ለሐሙስ አጥቢያ» ተብሎ ይነገር። ለሾፌር ደግሞ ይህም አይበቃኝም፤ «ረቡዕ ማታ እራትህን በልተህ የምትወጣበት» እለዋለሁ። የምቀልድ መስሎት ይስቃል፤ ግን አንድም ቀን አልቀረም።

ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ የሚያርፍበት እንጂ ሰውየው የሚወጣበት አይደለም። ፓስፖርት፣ ሻንጣ፣ ጉምሩክ አለ። ቴሌቪዥን ወይም ብዙ ካርቶን የያዘ ሰው ከሌላው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል፤ በጋራ መኪና ደግሞ የሁሉም መነሻ የመጨረሻው ሰው መውጫ ነው። ይህንን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት፦ አንዱ ጉምሩክ ቢያዝ ሌሎቹ እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቁታል? ካለፈስ በምን ይመጣል? በዚያ ሌሊት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው መሀል ይህን መከራከር ወዳጅነት ያፈርሳል። የበረራ ቁጥሩንም ለሾፌሩ ስጡት፤ በረራው ቢዘገይ ከስልኩ ላይ ያየዋል። ተቀባይ ተርሚናሉ ውስጥ ስለማይገባ የምትገናኙት ውጪ ነው፤ «በሩ ላይ» ከማለት አንድ የሚታይ ምልክት ተስማሙ።

«ሰሜን ሸዋ ነኝ» ብሎ መኪና መጋራት

ይህ የኛው አገር ስህተት ነው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት አለ፤ የአማራ ክልሉ መቀመጫው ደብረ ብርሃን፣ የኦሮሚያው ፍቼ። ፍቼ የሚሄድ በሱሉልታ በጎጃም መንገድ ነው የሚወጣው፤ ከኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በአማራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ራሱ፣ መርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ የሚገባ ሰው በፍቼው መንገድ ሄዶ ሙከ ጡሪ ላይ ታጥፎ ጀማን ይሻገራል። ምንጃር አረርቲ የሚገባው በሞጆ በኩል ይቀለዋል። በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፉት እንደ አንኮበር፣ መንዝ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ያሉት ናቸው።

የእህቴ ጓደኛ የመርሐ ቤቴ ልጅ ናት። አገሯን ስምንት ዓመት አላየችም። አውሮፕላኑ ውስጥ «እኔም ሰሜን ሸዋ!» ተባብለው፣ ተቃቅፈው፣ ሂሳብ ተካፍለው ከኛ መኪና ገባች። ሰንዳፋ ስንደርስ በመስኮት እያየች «ሱሉልታ መቼ ነው የምንደርሰው?» አለች። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። እሷን መልሰን ታክሲ እስክናሳፍራት አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ፤ የአንድ ሰዓት ተኩሉን ሂሳብ ማን ይከፍላል የሚለው ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የዞን ስም አትንገሩ፤ የምትወርዱበትን ከተማና የምታልፉበትን መንገድ ንገሩ።

በሰው ይሁን በመኪና ሳይለዩ ዋጋ መስማማት

ዋጋ አልጠቅስም፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚለወጥ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል። ጠቡ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ደጃፋችን ላይ ሻንጣ ወርዶ፣ ጎረቤት ለእልልታ ተሰብስቦ፣ ሾፌሩ እናቴን እንዲህ አላት።

«እማማ፣ እኔ የነገርኳችሁ በሰው ነው እኮ። አምስት ሰው ነው።»

«አራት ናቸው ልጄ፣ ቁጠራቸው።»

«ያ ካርቶንስ? ወንበር ይዞ አይደል የመጣው?»

እናቴ ካርቶኑን አየችው። ቴሌቪዥን ነው። «እንግዲያው እሱንም ግባ በለውና ቡና ይጠጣ» አለች። ሰው ሳቀ፤ ሾፌሩም ሳቀ፤ የካርቶኑን ግማሽ ግን ከፍለናል።

ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት በቴሌግራም አንድ መልእክት ይጻፍ፤ በቃል የተባለ አይበቃም። ዋጋው ለመኪናው በሙሉ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? አንዱ ቢቀር የሱን ወንበር ማን ይሸፍናል? የኤርፖርቱ የመኪና ማቆሚያና የጥበቃው ሂሳብ ውስጡ አለ? ሾፌሩ ለገጣፎ ወይም ሰንዳፋ ላይ ትርፍ ሰው ይጭናል? የሚያወርደው ቤት ድረስ ነው ወይስ መናኸሪያ? ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፤ ከመናኸሪያ ቤት ድረስ በሁለት ባጃጅ ሻንጣ የጫነ ሰው ግን ይገባዋል።

በላምበረት በኩል ከሄዳችሁ ታሪፍ ስላለ ይህ ሁሉ የለም። እዚያ የሚያነታርከው የሻንጣ ነው፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ከመወርወሩ በፊት ስንት እንደሆነ ጠይቁት። ከተጫነ በኋላ ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው።

ሰውን ቆጥሮ ሻንጣን መርሳት

ከውጭ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይዞ ነው፤ በእጅ የሚያዘው ሌላ። አራት ሰው ማለት ስምንት ትልልቅ ሻንጣ ማለት ነው። ሚኒባስ ከኋላ ወንበሩና ከበሩ መሀል ያለው ቦታ ለዚህ አይበቃም። አራት ከሆናችሁ የኋላው ረድፍ ለዕቃ እንደሚሰጥ ቀድሞ ይታወቅ፤ ስድስት ከሆናችሁ ጣሪያ ላይ መጫኛ ያለው መኪና ፈልጉ። በሐምሌና በነሐሴ ጣሪያ ላይ የሚጫን ሁሉ ሸራ ይልበስ። ጫጫ አካባቢ የሚወርደው ዝናብ በረዶ ይቀላቅላል፤ ሸራ ፍለጋ መኪና የሚቆምበት ጊዜ አይሰጥም። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ወርቅ ከእጅ አይውጣ።

ሌሊት እንደወጡ በዚያው መንገድ መጀመር

ከሁሉም የምከራከርበት ይህ ነው። አምስት ዓመት ቤተሰቡን ያላየ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ቦሌ ወጥቶ «ሲነጋ ቤቴ ነኝ» ማለቱ ይገባኛል። እኔ ግን አላስነሳም።

አንደኛው ምክንያት ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳ መንገዱ የሚዘጋበት፣ ሰዓት እላፊ የሚታወጅበት ጊዜ አለ። ትናንት ክፍት ነበር ማለት ዛሬ ክፍት ነው ማለት አይደለም። በዚያው ቀን፣ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ ጠይቁ። ሾፌሩን ብቻ አትመኑ፤ እሱ ቀኑን ባዶ እጁን መዋል አይፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት ሰው የማያወራው ነው፤ የሾፌሩ እንቅልፍ። ከደብረ ብርሃን ከሰዓት በኋላ ተነስቶ፣ ቦሌ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መሪው ላይ ተደግፎ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ነው እናንተን ይዞ የሚመለሰው። አንዴ ጋቢና ተቀምጬ ከሸኖ በኋላ አንገቱ ዝቅ ሲል አየሁ። ጉም አለ፤ ፊት ለፊት የኋላ መብራት የሌለው ከባድ መኪና እየተንፏቀቀ ነው። ስሙን ጠራሁት። «አልተኛሁም» አለኝ፤ ሳልጠይቀው። ከዚያ እስከ ጠባሴ ዝም ሳልል የማይረባ ወሬ አወራሁት።

ሌሊት ከገባችሁ ቦሌ፣ ገርጂ ወይም መገናኛ አካባቢ አልጋ ያዙ፤ አለበለዚያ እዚያው ኤርፖርት ንጋትን ጠብቁ። ወጪውን ለአራት ስትካፈሉት ከባድ አይደለም። 12 ሰዓት ላይ ስትነሱ ለቁርስ ትደርሳላችሁ። የኮንትራት መኪናውንም ለንጋት አድርጉት፤ ሾፌሩ ተኝቶ ይምጣ።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር፦ ዋጋ ረከሰ ብላችሁ ኮድ 2 የቤት መኪና አትያዙ። በክፍያ ሰው መጫን ፈቃዱ አይደለም፤ ፍተሻ ላይ ሁላችሁንም አቁሞ ያውላችኋል። ለሕዝብ ማመላለሻ የሚሠራው ኮድ 3 ነው።

በማይሠራ ስልክ፣ ባልተመነዘረ ገንዘብ መውጣት

ሲም ካርድ እዚያው መድረሻው ላይ ይሸጣል፤ ባንክም አለ። ሳትወጡ ጨርሱት። ውጪ «ልመንዝርልህ» የሚለውንና ጋሪያችሁን ሳትጠይቁት የሚገፋውን እለፉት። ቴሌብር ያለው ዘመድ ለሾፌሩ ከፍሎላችሁ በኋላ መተሳሰብም ይቻላል።

የዱባይ ልብስ ለብሶ ደብረ ብርሃን መግባት

ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 አካባቢ ይጀምራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ያለበት ንጋት አለ። ጃኬቱን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ ጣሪያ ላይ ያስጫነ ሰው ሸኖ ላይ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አይቻለሁ። እናቴ አንድ ጋቢ ለሾፌሩ አስይዛ ትልካለች፤ እናንተ እንዲህ ያለ እናት ከሌላችሁ ሹራባችሁን በእጅ ያዙ።

ሸኖ ላይ «አንድ ጊዜ ቅቤ ልግዛ»

የሸኖ ለጋ ቅቤ ለምን እንደሚያጓጓ እኔን ማስረዳት አያስፈልግም። ግን አንዱ ቅቤ ለማሽተት ሲወርድ ሌላው እንጀራ ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ሽንት ቤት፣ አራተኛው ስልክ። አሥር ደቂቃው አርባ ይሆናል። መቆም ካለ አንድ ቦታ፣ ለሁሉም፣ አስቀድሞ ይባል።

ስትመለሱ አጥብቆ ማስላት

ወደ ውጭ ለሚሄድ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ኤርፖርት መገኘት ያስፈልጋል፤ መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ደምሮ ስድስት ይልና ይነሳል። ከለገጣፎ እስከ መገናኛ ያለውን መጨናነቅ፣ የመንገድ ፍተሻውንና ሚኒባሱ ሌሎቹን ከየቤታቸው እየዞረ የሚለቅምበትን ጊዜ አልቆጠረም። የምሽት በረራ ካላችሁ ጠዋት ውጡ።

እህቴን ስንሸኝ በረራዋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር፤ እኔ ከረፋዱ 4 ሰዓት አስነሳኋት። እስከ ለገጣፎ አኮረፈችኝ። ለገጣፎ ላይ አንድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን፤ ያን ጊዜ ማኩረፉን ተወችው። ቦሌ ስንደርስ ገና ጊዜ ነበረን። ያው መኪና ማቆሚያ ዳር፣ ያው ሻንጣ ላይ ተቀምጣ፣ እናታችን የጋገረችላትን ዳቦ ከፌስታል አውጥታ ቆረሰች፤ መጀመሪያ ለሾፌሩ፣ ከዚያ ለኔ።