የማሌዥያ ቻይናውያንን ጉዳይ ክፍል ውስጥ እንዴት እናከራክር?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሲቪክስ አስተምራለሁ። የክርክር ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ከሸዋ ሮቢትም ከመሐል ሜዳም የሚመጡ መምህራን ስንገናኝ አንድ ነገር ያነሱብኛል። "ስለ አናሳ ሕዝቦች ውክልና ልጆቹን ማከራከር ፈልገን ነበር፤ ግን ወዲያው ይጋጋልብናል።" እውነታቸውን ነው። የቤት ጉዳይ ሲሆን ርዕሱ ሰሌዳ ላይ ሳይጻፍ ማን በየትኛው ወገን እንደሚቆም ይታወቃል። ስለዚህ እኔ ሩቅ እሄዳለሁ፤ ማሌዥያ። የማሌዥያ ቻይናውያን ዜጎች ናቸው። ይመርጣሉ፣ ይመረጣሉ፣ ሚኒስትርም ሆነዋል። ቅሬታቸውም አላለቀም። የኛ ልጆች ስለ እነሱ ሲከራከሩ የሚያኮርፍ ጎረቤት የለም።

የሚያስፈልጋችሁ ጠመኔ፣ ሰሌዳና የተቆራረጠ ወረቀት ነው። በፕሮጀክተር አትተማመኑ፤ መብራት ይሄዳል። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በቂ ነው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ለልጆቹም ይህንኑ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

መጀመሪያ እንግዳውንና ዜጋውን ለዩ

ይህ ካልተለየ ክርክሩ ገደል ይገባል። ልጆቻችን ቻይና ሲባል የሚያውቁት መንገድ የሚሠራውን ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለውን ሰው ነው። መንገድ ላይ ሲያዩት "ቻይና! ቻይና!" ይሉታል። ኮሪያዊ ቢሆንም ያው ነው፣ አይቀርለትም። እኔም የምጀምረው ከዚሁ ሰው ነው። "ፓርኩ ውስጥ ያለው ኢንጂነር እኛ አገር መምረጥ ይችላል?" አይችልም ይላሉ። "ለምን?" "ዜጋ አይደለማ!" በቃ፣ መነሻችሁን አገኛችሁ።

ከዚያ ታሪኩን ባጭሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ እንግሊዞች በሚገዙበት ጊዜ፣ ከደቡብ ቻይና ብዙ ሰው ወደ ማላያ፣ ማለትም ኋላ የማሌዥያ ዋና ክፍል ወደሆነችው አገር፣ ሄደ። ከፊሉ ቆርቆሮ ማዕድን ሊቆፍር፣ ከፊሉ ሊነግድ። ልጆች ወለዱ፣ የልጅ ልጅ አዩ። ነሐሴ 31 ቀን 1957 ማላያ ነፃ ስትወጣ ድርድር ነበር። ብዙ ቻይናውያንና ሕንዶች ዜግነት አገኙ። በምላሹ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 153 ለማላዮች፣ ማለትም ለአገሩ ነባር ሕዝብ፣ "ልዩ ቦታ" ሰጠ፤ በመንግሥት ሥራ፣ በነፃ የትምህርት ዕድል፣ በንግድ ፈቃድ። ያው አንቀጽ ግን የሌሎቹም ማኅበረሰቦች ተገቢ ጥቅም ይጠበቃል ይላል። ሁለቱንም ግማሽ ጮክ ብሎ የሚያነብ ልጅ አስነሱ። አንዱን ግማሽ ብቻ ይዞ የሚሟገት ከመጣ አስቁሙት።

እዚህ ላይ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ። "ቲቸር፣ ካልተመቻቸው ለምን አገራቸው አይገቡም?" አትቆጡ፤ ብዙ ልጅ የሚያስበውን ነው የጠየቀው። እኔ "የትኛው አገር?" ብዬ ዝም እላለሁ። አያቱ እዚያው ማሌዥያ፣ ፔናንግ የተወለደ፣ ፓስፖርቱ የማሌዥያ የሆነ ሰው ቤጂንግ ሲደርስ የውጭ ዜጋ ነው። ከልጆቹ አንዱ እዚያ መድረሱ አይቀርም።

ሒሳቡን ልጆቹ ይሥሩት

ከሁሉም የምወደው ክፍል ይሄ ነው፤ ጊዜ አትንፈጉት። ሰሌዳው ላይ 1955 ብላችሁ ጻፉ። ከነፃነት በፊት የተደረገ ምርጫ ነው፤ የሚመረጠው ለ52 መቀመጫ ነው። ሦስት ፓርቲዎች ተጣምረው ቀረቡ፤ የማላዮቹ ኡምኖ፣ የቻይናውያኑ ኤምሲኤ፣ የሕንዶቹ ኤምአይሲ። ኡምኖ 34፣ ኤምሲኤ 15፣ ኤምአይሲ 2 አገኙ። ይደምሩ፤ 51። ኤምሲኤ ያቀረባቸው 15ቱም ዕጩዎች አሸንፈዋል።

አሁን ያልጠበቁትን ንገሯቸው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ቻይናዊ ገና ዜግነት ስላልነበረው ከመራጩ ውስጥ ቻይናዊው ከ10 ሰው አንድ ቢሆን ነው። ታዲያ 15 መቀመጫ ከየት መጣ? ልጆቹ መጀመሪያ "ኮሮጆ ተሰርቆ ነዋ!" ይላሉ። አልተሰረቀም። ማላዮቹ ናቸው የመረጧቸው፤ ጥምረቱ አንድ ስለነበረ። እና ያ የፓርላማ አባል ማንን ይወክላል፣ ወገኖቹን ወይስ መራጮቹን? ይህችን ጥያቄ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፏት። እስከ መጨረሻው እንዳትደመሰስ።

ቀጥሎ 2018። ፓርላማው 222 መቀመጫ አለው። ኤምሲኤ ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ አየር ሂታም የሚባል የምርጫ ክልል። እዚያም አብዛኛው መራጭ ማላይ ነው። የቻይናውያኑ ድምፅ በብዛት ወደ ዲኤፒ ሄዷል። ዲኤፒ 42 መቀመጫ አገኘ። በደንቡ ለሁሉም ብሔር ክፍት የሆነ ፓርቲ ነው፤ ማላይም ሕንድም አባላት አሉት። ዋና ደጋፊው ግን ቻይናዊው ነው። በዚያው ዓመት የዲኤፒው ሊም ጓን ኢንግ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። ከ1974 በኋላ ያንን ወንበር የያዘ የመጀመሪያው ቻይናዊ ነበር።

ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ወገን በስሙ የቻይናውያን ለሆነው ፓርቲ ይሟገት። ሌላው ቻይናውያን ለመረጡት ፓርቲ። የኔን አስተያየት የምናገረው ከተከራከሩ በኋላ ነው፤ አሁን ግን ለእናንተ ልንገራችሁ። ስሙ የኔ ሆኖ ድምፁ የሌላ ከሆነ ተወካይ ይልቅ፣ ስሙ የማንም ሆኖ እኔ ላወርደው የምችለው ይሻለኛል። ብዙ ልጆች በዚህ አይስማሙም። "መልኬን የሚመስል ሰው እዚያ መቀመጡ ብቻውን ዋጋ አለው" የምትል ጎበዝ ተማሪ አለችኝ። እስካሁን አላሸነፍኳትም።

ጊዜ ካላችሁ የምርጫ ክልሎቹን ስፋት ጨምሩ። በ2018 ባንጊ የሚባለው ክልል ከ178 ሺህ በላይ መራጭ ነበረው። ኢጋን የሚባለው ግን ወደ 19 ሺህ ተኩል። እያንዳንዳቸው አንድ ተወካይ። ያካፍሉት፤ ከ9 እጥፍ በላይ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ቻይናውያን በብዛት ከተሜ ናቸው፤ ስለዚህ የከተማ ድምፅ ሲቀጥን የእነሱም ይቀጥናል። ሌላውን ወገንም አስነሱት። ኢጋን ያለው ሳራዋክ በሚባለው ግዛት ውስጥ ነው፤ አገሩ ሰፊ፣ ሰዉ የተበታተነ። የመርሐቤቴ ልጅ ካለ ይህን ክርክር ለሱ ስጡት። ከወረዳ ከተማ ርቆ የሚኖር ሰው ለምን የራሱ ተወካይ እንደሚያስፈልገው ማንም አያስተምረውም።

1969ን አትዝለሉ

ግንቦት 10 ምርጫ ተደረገ፣ ተቃዋሚዎች ብዙ መቀመጫ አገኙ። ግንቦት 13 ኩዋላ ሉምፑር ውስጥ ግጭት ተነሣ። መንግሥት የሞቱት 196 ናቸው አለ፤ አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ። ፓርላማው ተዘጋ፤ የተከፈተው በ1971 ነው። ይህን በረጋ ድምፅ ተናገሩ። ፎቶ አታሳዩ፣ ቪዲዮ አትክፈቱ። ልጆቻችን ከዚህ የባሰ አይተው ሊሆን ይችላል።

የሚያከራክረው ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1971 አዲስ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ወጣ። ለማላዮችና ለሌሎች ነባር ሕዝቦች ከኩባንያ ሀብት 30 በመቶ ድርሻ ግብ ሆኖ ተያዘ። በዩኒቨርሲቲም ኮታ መጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ አንቀጽ 153ን፣ ዜግነትን፣ ብሔራዊ ቋንቋን ጥያቄ ውስጥ ማስገባት ወንጀል ሆነ፤ የፓርላማ አባልም ፓርላማ ውስጥ ሆኖ ቢናገረው ያለመከሰስ መብቱ አያድነውም። ልጆቹን ጠይቁ። መቀመጫው አለ፣ ሰውዬው ተቀምጧል፣ ርዕሱ ግን ተከልክሏል። ይህን ምን እንበለው?

ካርዶቹ

ወረቀቶቹ አሁን ይወጣሉ። ሚና በዕጣ ነው፤ ማንም አይመርጥም። እኔ የማዘጋጃቸው፦ የኤምሲኤ አባል፣ የዲኤፒ አባል፣ ኬላንታን በሚባለው ግዛት ያለ የማላይ ገበሬ ልጅ በኮታ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ጥሩ ውጤት አምጥታ የፈለገችው ክፍል ያልደረሳት ቻይናዊት፣ የቻይንኛ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ከሳራዋክ የመጣች የኢባን ሴት (ኢባን ከዚያ ግዛት ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው)።

የገበሬውን ልጅ ካርድ አጠንክሩት። በ1970 በማሌዥያ ልሳነ ምድር ከቤተሰቡ ግማሽ ያህሉ ድሃ ነበር፤ ከድሆቹም ብዙዎቹ ማላዮች ናቸው። ይህን ቁጥር ጻፉለት። ካርዱ ከደከመ ልጁ የሚናገረው አጥቶ ወደ ስድብ ይሄዳል።

የርዕሰ መምህሩ ካርድ እኛ አገር ቶሎ ይገባል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ምን እንደሆነ ልጆቹ ያውቁታል። በቻይንኛ የሚያስተምሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ድጎማ አላቸው። ሁለተኛ ደረጃዎቹን ግን የ1961 የትምህርት ሕግ "ድጎማ ከፈለጋችሁ የማስተማሪያ ቋንቋችሁን ቀይሩ" አላቸው። እምቢ ያሉት 60 ያህሉ እስከ ዛሬ ከማኅበረሰቡ በሚዋጣ ገንዘብና በተማሪ ክፍያ ይኖራሉ። የሚሰጡት የመጨረሻ ፈተና ሰርተፊኬት ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይቁጠር አይቁጠር የሚለው በየምርጫው የሚነሳ ጭቅጭቅ ነው።

ኢንዶኔዥያን ለማወዳደሪያ በአጭሩ ንኩት። እዚያ ቻይናውያኑ በ2010 ቆጠራ ከሕዝቡ 1.2 በመቶ ገደማ ናቸው፤ በቁጥር መቀመጫ አያሸንፉም። በ1967 የወጣ የፕሬዚዳንት መመሪያ ባህላቸውንና በዓላቸውን በአደባባይ እንዳያከብሩ ከለከለ። ፕሬዚዳንት አብዱራህማን ዋሂድ በ2000 ሻረው። በ1992 ባርሴሎና ላይ ለኢንዶኔዥያ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣችው ትውልደ ቻይናዊቷ ሱሲ ሱሳንቲ እንኳ፣ እዚያው ተወልዳ፣ የዜግነት ማረጋገጫ ወረቀት ትጠየቅ ነበር። ስፖርት የሚወዱት ልጆች ይቺን አይረሷትም። የጃካርታ ገዥ የነበረውን የአሆክን (ትውልደ ቻይናዊና ክርስቲያን ነው) ታሪክ ግን እኔ እዘለዋለሁ። በ2017 ምርጫ ተሸንፎ ሃይማኖት ተሳድቧል ተብሎ ታስሯል። ትልቅ ርዕስ ነው፤ እስላምም ክርስቲያንም ባለበት ክፍል ግን ለብቻው ሰፊ ዝግጅት ይጠይቃል።

ወደ ቤት ስትመለሱ

በሁለተኛው ከሰዓት መጨረሻ ላይ የኛን ሕገ መንግሥት አውጡ፤ ከዚያ በፊት አይደለም። አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም፣ ከእነዚህ ቢያንስ 20ው የአናሳ ብሔረሰቦች ናቸው ይላል። አንቀጽ 61 ደግሞ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ እንዲኖረው ያዛል። ከአንኮበር በታች ያለውን የአልዩ አምባን ገበያ የሚያውቅ ልጅ አርጎባዎችን ያውቃል፤ ልዩ ወረዳቸውም ቅርባችን ነው። ስለዚህ አንቀጾቹ ወረቀት ብቻ አይሆኑበትም። ወሬ አታስገቡ፤ ጽሑፉን ብቻ ያንብቡ።

ማሌዥያ በብሔር የተጠበቀ መቀመጫ የላትም። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ ከዜጋው 23 በመቶ ያህል የሆኑት የማሌዥያ ቻይናውያን 20 መቀመጫ ተጠብቆላችሁ ይቀመጥ ቢባሉ ይጠቀማሉ ወይስ ይጎዳሉ? የሒሳብ ልጆች እዚህ ላይ ይነቃሉ።

ክበባችሁ ከወደደው ለሌላ ሳምንት ሲንጋፖርን ያዙ። እዚያ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከነዋሪው ሦስት አራተኛው ቻይናዊ ነው፣ አናሳዎቹ ማላዮችና ሕንዶች ናቸው። ከ1988 ጀምሮ አንዳንድ የምርጫ ክልሎች በቡድን ነው የሚወዳደሩት፤ እያንዳንዱ ቡድን ከአናሳዎቹ ቢያንስ አንድ ሰው መያዝ አለበት። በ2017 የፕሬዚዳንትነቱ ምርጫ ለማላይ ብቻ ተከለለ፤ ሐሊማ ያቆብ ብቻዋን ብቁ ሆና ስለተገኘች ድምፅ ሳይሰጥ ፕሬዚዳንት ሆነች። የሰሌዳውን ጥግ ጥያቄ ለእሷም አንሱባት።