የጉድጓድ ውሃችሁ አሸዋ ሲያመጣ ከየት ትጀምራላችሁ?

ሰበታ ዳር በገባን በመጀመሪያው ክረምት የሻወራችን ውሃ እየቀጠነ መጣ። የሻወሩን ራስ ፈትቼ መዳፌ ላይ ሳራግፈው የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ጥቁር አሸዋ ወጣ። በማግስቱ ሄጄ ፊልተር ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላው ተደፈነ። ሌላ ገዛሁ፣ ያው ሆነ። ቅደም ተከተሉን አዛብቼው ነበር። ፊልተር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ አሸዋው ከየት እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሃይላንድ ጠርሙስ ፈትሹት

ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች አዘጋጁ። ጠዋት ፓምፑ እንደተነሳ የመጀመሪያውን ውሃ ቅዱ፤ 10 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ደግሞ ሁለተኛውን። ከሮቶ ሳይሆን በቀጥታ ከፓምፑ መስመር ይሁን። ከዚያ መስኮት ላይ አቁሟቸውና ጠብቁ።

አሸዋ ከሆነ ወዲያው ታች ይተኛል። ደለል ሰዓታት ይፈልጋል። በማግስቱም ውሃው እንደደፈረሰ ከቆየ ሸክላ አፈር ነው፤ መረሬ ባለበት ሰፈር ይሄ ብዙ ያጋጥማል። ሲቀዳ ጥርት ብሎ ቆይቶ የዝገት መልክ ካመጣ ግን ውሃው ብረት አለበት፤ የዚያ መፍትሔ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ብቻ ከደፈረሰ ቧንቧው ውስጥ ወይም ፓምፑ ሥር የተኛ ዝቃጭ ተነስቶ ነው። ሁለቱም እኩል ከደፈረሱ ጉድጓዱ ራሱ አፈር እያስገባ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ብቻ የሚብስ ከሆነ ጎርፍ ከላይ ይገባል ማለት ነው። በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው ወርዶ ሳለ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ የጉድጓዱን ግርጌ እየላሰ ነው።

ጉድጓዱን አስተካክሉ

በእጅ የተቆፈረ ከሆነ ከአፉ ጀምሩ። አፉ ከመሬት ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ይገንባ፣ ክዳን ይኑረው፣ ዙሪያው ውሃን ወደ ውጭ እንዲያፈስ ተዳፋት ይሁን። የሲሚንቶ ቀለበቶቹ መጋጠሚያ ከተከፈተ ይደፈን።

ፓምፑ ግርጌው ላይ ከተቀመጠ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ግን በግንቦትም ውሃው ከፓምፑ በላይ መሆን አለበት፤ ያለ ውሃ ከሠራ ይቃጠላል። ከፓምፑ በኋላ ያለውን ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) በመጠኑ ማጥበብም ይጠቅማል። ውሃው ቀስ ብሎ ሲሳብ አሸዋውን ይዞ የመነሳት ጉልበቱ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ግን አትዝጉት።

ግርጌውን ማስጠረግና ንጹህ ጠጠር ማስነጠፍ ጥሩ ሥራ ነው። እባካችሁ ግን ልምድ የሌለው ሰው አታስገቡ። በነዳጅ የሚሠራ ሞተርም ጉድጓድ ውስጥ አይግባ፣ አፉም አጠገብ አይቀመጥ። ጭሱ ሽታም መልክም የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት፤ ሻማ ወርዶ አለመጥፋቱም ለዚህ ጋዝ ማረጋገጫ አይሆንም።

በማሽን የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ድንገት አሸዋ መትፋት ከጀመረ ቱቦው ወይም ወንፊቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ቆፋሪውን ጥሩ።

ሮቶው ያጣራላችሁ

ለእኛ ቤት ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው። ማታ ሮቶውን እንሞላለን፣ እስከ ጠዋት አይነካም። ወደ ቤት የሚወስደው ቧንቧ ከሮቶው ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ከሥሩ ሌላ ማፍሰሻ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማፍሰሻውን ስከፍተው መጀመሪያ ቡና አተላ የመሰለ ውሃ ይወጣል፣ ከዚያ ይጠራል፤ ያኔ እዘጋዋለሁ። ጎመኑ ላይ ነው የሚፈሰው።

አቅም ካለ ሁለት ሮቶ ይሻላል። የመጀመሪያው ያዘቅጣል፤ ከላይኛው ክፍሉ የሚወጣው ውሃ ወደ ሁለተኛው ይገባል።

አሁን ፊልተር ግዙ

ከሮቶው በኋላ ሁለት ፊልተር በተከታታይ አስገጥሙ፤ መጀመሪያ 50 ማይክሮን፣ ቀጥሎ 5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፊልተሩ ይደቃል)። ደቂቁ ከቀደመ ቶሎ ይደፈናል፤ የእኔ ሌላው ጥፋት ይሄ ነበር። ሸክላ አፈር ግን ከ2 ማይክሮን ስለሚያንስ ባለ 5 ማይክሮኑንም ያልፋል። እሱ ላይ ብዙ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት ባለሙያ አማክሩ። ከፊልተሮቹ በፊትና በኋላ መዝጊያ ይኑር፤ አለበለዚያ በቀየራችሁ ቁጥር ቤቱ በውሃ ይሞላል።

ከዚያ የቆየውን አሸዋ አውጡ። የቧንቧ ጫፍ ወንፊቶችን፣ የሻወሩን ራስ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት እጠቡ። ቦይለሩም ሥር ዝቃጭ ይኖራል፤ ከማፍሰሳችሁ በፊት መብራቱን አጥፍታችሁ ውሃው እስኪበርድ ጠብቁ።

እነዚህ ፊልተሮች ጀርም አይገድሉም። ውሃው እንደ መስታወት ቢጠራም ለመጠጥ የምትፈልጉትን አፍሉ ወይም በክሎሪን አክሙ፤ በተለይ ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ 30 ሜትር የማይርቅ ከሆነ። አዲስ ፊልተር ስታስገቡ ቀኑን ጎኑ ላይ በማርከር ጻፉበት። የእኛው ላይ የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 12 ነው።