የአየርላንድ ገጠር ፎቶ፦ ምን ያበላሸዋል፣ እንዴት ይስተካከላል?

በአየርላንድ ገጠር የሚነሳን ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ውሃና የካሜራው የብርሃን ልኬት። ሁለቱም መታረም ያለባቸው እዚያው ቦታው ላይ ነው። ቤት ገብቶ በኮምፒውተር ለማዳን መታገል ትርፉ ድካም ነው።

አረንጓዴው ደብዝዞ ነጣ ካለ

ዝናብ ያራሰው ቅጠል ደመናማውን ሰማይ መልሶ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ካሜራው ላይ የሚቀረው የቅጠሉ ቀለም ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ነጭ ብልጭታ ነው። መፍትሄው ፖላራይዘር ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ፊት የሚገጠም ብልጭታ ቀናሽ መስታወት ነው። ስክሪኑን እያያችሁ ቀለበቱን ቀስ ብላችሁ አዙሩና ብልጭታው ጠፍቶ አረንጓዴው ሲደምቅ አቁሙ። ብዙ ሰው ፀሐይ ከሌለ ፊልተሩ አይሰራም ብሎ ያወልቀዋል፤ እርጥብ ቅጠልና ድንጋይ ላይ ግን በደመና ቀንም በጣም ይጠቅማል። ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ብርሃን ስለሚቀንስ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) አዘግዩ ወይም አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጉ።

ኪላርኒ እንዳለው እንደ ቶርክ ፏፏቴ ባለ ቦታ ይህ መዘግየት እንዲያውም ይፈለጋል። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ፣ በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 8 ወይም 11 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን)፣ ከ1/4 እስከ 1 ሰከንድ ሞክሩ። ከዚያ በጣም ካለፈ ውሃው ቅርጽ የሌለው ነጭ መጋረጃ ይሆናል። ቁልፉን በጣት መጫን ካሜራውን ስለሚያንቀጠቅጥ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። ዳር ያሉት ተክሎች ተወዛውዘው ከደበዘዙ ነፋሱ ጋብ እስኪል ጠብቁ።

ነጩ ቤት ግራጫ፣ በጎቹ ደግሞ የተቃጠለ ነጭ ሆነው ከወጡ

ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። በኖራ የተቀባ ቤት ፍሬሙን ሲሞላው ያጨልመዋል፤ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን ማስተካከያ) ከ+0.7 እስከ +1 አድርጉ። በኮኔማራ ጥቁር ረግረግ ላይ ጥቂት በጎች ሲሆኑ ግን ተቃራኒው ይደርሳልና ከ-0.7 እስከ -1 ዝቅ አድርጉ። ሂስቶግራሙ (ስክሪኑ ላይ የብርሃን ስርጭትን የሚያሳየው ግራፍ) ወደ ቀኝ ጫፍ ተለጥፎ ከሆነ የሱፉ ዝርዝር ጠፍቷል፣ አይመለስም።

ሰማዩ ባዶ ነጭ ከሆነ

በራው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አንሱ፣ ልኬቱን ከሰማዩ ውሰዱ። ደመናው ምንም ቅርጽ ከሌለው ግን ሰማዩን ከፍሬሙ አውጡት። ክሌር አውራጃ ውስጥ ባለው በረን በተባለው የኖራ ድንጋይ ምድር ካሜራውን ጉልበት ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ፣ የኖራ ድንጋዩን ስንጥቆችና በፀደይ በመካከላቸው የሚያብቡትን ሰማያዊ አበቦች ሙሉበት።

ፎቶው በሙሉ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ

ሞኸር ገደል ወይም ዲንግል አካባቢ ከሆናችሁ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአትላንቲክ ጨው ነው፤ ነፋሱ ሌንሱ ላይ ይረጨዋል፣ እዚያው ይደርቃል። ደረቅ ጨርቅ ብታሹበት የጨው ቅንጣቱ መስታወቱን ይጭረዋል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ ንፉት፣ ቀጥሎ በሌንስ ማጽጃ ባራሳችሁት ጨርቅ ጥረጉ፣ በመጨረሻ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ስትራመዱ ሌንሱን ወደ መሬት አዙሩት።

ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ የሚመጣው ጭጋግ ደግሞ ሌላ ነው፤ የቤቱ እርጥበት በቀዘቀዘው መስታወት ላይ ሲያርፍ ነው። ካሜራውን ከመግባታችሁ በፊት በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት፣ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አትክፈቱት፣ ሌንስም አትቀይሩ።

ቀትር ላይ ማንሳት ካስፈራችሁ

አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ ጥላው ፊትን ያበላሻል። ደብሊን ላይ ግን በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ ከአድማስ 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ናት፤ የድንጋይ አጥሩን ጥላ በጎን ታስረዝመዋለች። በክረምታቸው ቀትርን አትሽሹ።

ገበሬው ፊቱን ካዞረ ወይም አጋዘኑ ከደበዘዘ

በአየርላንድ በሰው መሬት እንደልብ የመሄድ አጠቃላይ መብት የለም። መጀመሪያ ሰላምታ ስጡና ፈቃድ ጠይቁ፤ የግጦሽ በር እንዳገኛችሁት ተዉት። የኪላርኒ ቀይ አጋዘኖች የሚዳሩት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት በፈረንጆቹ ሲሆን ማለዳ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ 1/500 ሰከንድ፣ አይኤስኦ ከ1600 እስከ 3200 ያስፈልጋል። ወንዶቹ በዚያ ወቅት አደገኛ ስለሆኑ ከ50 ሜትር በታች አትቅረቡ፤ 400 ሚሊሜትር ሌንስ በዚያ ርቀት በቂ ነው።