መብራት ሲጠፋ የአኳሪየሜ ሳምፕ ሞልቶ የሚፈሰውን እንዴት እንዳስተካከልኩት

ትንሿ የጨው ውሃ አኳሪየሜ ስር ሳምፕ (ከላይኛው ገንዳ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ታችኛ ገንዳ) ጨምሬ ሂተሩንም ስኪመሩንም (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን) ወደ ታች አወረድኩ፣ ሁሉም ቆንጆ ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆምና ውሃ ወደ ላይ የሚመልሰው ቧንቧ በሳይፈን (ውሃው ያለ ፓምፕ ራሱን በቧንቧው እየሳበ ሲወርድ) የላይኛውን ገንዳ ውሃ ወደ ኋላ እየሳበ ሳምፑን ሞልቶ መሬት ላይ ያፈሳል። ብዙ ሰው ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ) ግጠም ይላል፣ እኔ አላምነውም፣ ካልሺየም ሲጋገርበት በደንብ አይዘጋም።

መፍትሄው መመለሻው ቧንቧ ላይ ከውሃው አናት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቀዳዳ መብሳት ነው፣ ውሃው እዛ ሲደርስ አየር ይገባና ሳይፈኑ ይቋረጣል፣ አለቀ። ቀዳዳውን ግን ቶሎ ቶሎ አጽዱት፣ አልጌ ይደፍነዋል፣ አንዳንዴ ቀንድ አውጣም ይወሸቅበታል (ሙድ ነው 😂)።

ከዛ ፓምፑ ጠፍቶ ሳምፑን ከአፉ ትንሽ እስኪጎድል ሞላሁት፣ ሳበራው ውሃው ወርዶ የቆመበት ላይ በማርከር አሰመርኩ፣ ከዛ በላይ አይሞላም። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው ስላልሆነ ሲጎድል የምጨምረው የተጣራ ንጹህ ውሃ ነው፣ ጨውነቱ 35 ፒፒቲ (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው) አካባቢ ይቆያል። የመውረጃውን (ውሃው ከላይኛው ገንዳ ወደ ሳምፑ የሚወርድበት ቧንቧ) ጉርጉርታ በቫልቭ ቀንሼዋለሁ፣ ግን መጠባበቂያ ሁለተኛ መውረጃ ከሌላችሁ ይሄን አትሞክሩት፣ ቢደፈን ላይኛው ገንዳ ነው የሚፈሰው።