ደራሲን በመጽሐፍ ቁጥር አትመዝኑ

ኮዬ ፈጬ ከገባሁ ወዲህ የማነበው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ባለፈው ከኋላዬ የቆመ ልጅ «የያዝሽው ሰውዬ ስንት ጻፈ?» አለኝ። ሜክሲኳዊው ሁዋን ሩልፎ ነበር፤ ዝናው የቆመው በ1953 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት ነው። «በቃ?» አለ፣ እንደተሸወድኩ ሁሉ እያዘነልኝ።

እና እንዴት እንመዝን? መጀመሪያ ቁጥሩን እርሱት። ምርጥ የተባለውን አንዱን ብቻ አንሱና አንብቡ። ከዚያ ሳምንት ዝም በሉ። ሳህን እያጠባችሁ አንድ ገጸ ባሕርይ ድንገት ትዝ ካላችሁ፣ ሰውዬው የዋዛ አይደለም።

ብዙ ከጻፈ ደግሞ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው አንድ አንድ ውሰዱ። ያው ታሪክ ስም እየቀየረ ከመጣ፣ ብዛቱ ዋጋ የለውም። ግን ብዛት ሁሌ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የፈረንሳዊው ደራሲ የባልዛክ ትልቅነት ግማሹ እኮ ዘጠና ገደማ ሥራ ውስጥ አንድ ሙሉ ኅብረተሰብ ማስፈሩ ነው።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ለምን ጥቂት ጻፈ ብላችሁ ጠይቁ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት ጦርነት፣ ጣሊያን አገር እስርና የመንግሥት ሥራ ነበረባቸው። በዓሉ ግርማ ስድስት ልብ ወለድ ጽፎ በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ሰባተኛውን ከማን እንጠይቅ?

ልጁን ይሄን ሁሉ ልነግረው ስል ታክሲው መጣ። መጽሐፉን አውሼዋለሁ፣ እስካሁን አልመለሰም።