«የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ወሰነ» ሲባል እንዴት እናጣራ?

ጣና ዳር ቡና ከያዙት አንዱ ስልኩን አይቶ «ፕሬዚዳንቱ ዲቪን ሰረዘው!» አለ እንበል። ዲቪ የሞላ ሁሉ ፊቱ ይለዋወጣል። ቆይ፣ ተረጋጉ። መጀመሪያ ጠይቁ፦ ተናገረ ወይስ ፈረመ? ከፈረመስ ሥልጣኑን ከየት አመጣው? (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የእኛ ፕሬዚዳንትነት በአብዛኛው የክብር ቦታ ነው፤ መንግሥትን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። እዚያ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ናቸው። ታዲያ ያሻውን የሚያደርግ ይመስለናል። ግን ሕግ የሚያወጣውም በጀት የሚፈቅደውም ኮንግረስ ነው። ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ቢል እንኳ የኮንግረስ ሁለቱ ምክር ቤቶች ሕጉን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቁት ይችላሉ።

ዲቪ የመጣው ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ ነው፤ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ከሕጉ ሊፍቀው አይችልም። ማገድ ግን ይችላል። የውጭ ዜጎች እንዳይገቡ የመከልከል ሰፊ ሥልጣን ያው ኮንግረስ ሰጥቶታል፤ በ2020 ትራምፕ በኮቪድ ጊዜ የሥራ ገበያን ምክንያት አድርጎ ዲቪን ያገደው በዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ደርሶት ቪዛ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ልዩነት ብዙም አያጽናናም።

አጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል) ላይ ደግሞ እጁ ረጅም ነው። የ2000ው ሕግ የትኛው አገር ተጠቃሚ እንደሚሆን የመወሰኑን ሥራ ለፕሬዚዳንቱ ሰጠ። ባይደን ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሲያስወጣ የኮንግረስ ድምፅ አላስፈለገውም። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ዘመድ ያለው ይህን አይረሳም።

ሥልጣን ሳይኖረው ቢያዝዝስ? ፍርድ ቤት አለ። በ1952፣ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ እየተዋጋ ሳለ፣ ትሩማን የሥራ ማቆም አድማ ሲያሰጋው የብረት ፋብሪካዎችን መንግሥት ይረከብ ብሎ አዘዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገበት። ጦርነት ላይ ያለ የጦር አዛዥ መሆኑ አላዳነውም።

ጦርነትን በይፋ የማወጅ ሥልጣንም የኮንግረስ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያወጀው በ1942 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጦርነት እንደተካሄደ ግን ታውቃላችሁ!

ለማጣራት ዋይት ሐውስ ድረ ገጽ ግቡ። ከዚያ ፌዴራል ሬጂስተርን እዩ፤ እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ ነው፣ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዞች በቁጥር ይታተሙበታል። የትኛውን ሕግ ጠቅሶ እንዳዘዘ መግቢያው ላይ ተጽፏል። እሱን ሳታዩ ደላላ ቤት አትሩጡ።