ሜይልማን አባላትን በራሱ ሲያግድ፦ የሠራልኝ መፍትሔ

የማኅበራችን የኢሜይል ቡድን የሚሠራው በሜይልማን 3 ነው፤ አንድ መልእክት ለአባላት ሁሉ የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። በድንገት መልእክት የማይደርሳቸው አባላት በዙ። ሜይልማን ራሱ መላክ አቁሞባቸው ኖሯል። መልሼ ሳስገባቸው፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ነው። ኤስፒኤፉን (በዶሜይናችን ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) አስተካከልኩ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ፍንጩ የተገኘው ከተመለሰ መልእክት ላይ ነው፦ «550 5.7.26»፤ መልእክቱ የላኪ ማረጋገጫ አላለፈም የሚል የእምቢታ ኮድ ነው። የአንዳንድ ላኪዎች ዶሜይን የዲማርክ ፖሊሲው (በስሙ የመጣ መልእክት ማረጋገጫ ካላለፈ ምን ይደረግ የሚለው ደንብ) «ሪጀክት»፣ ማለትም «አትቀበሉ» ነው። ሜይልማን ርዕሱ ላይ የቡድኑን ስም፣ ግርጌው ላይ ማስታወሻ ሲጨምር የዲኪም ፊርማው (መልእክቱ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ) ይበላሻል። ተቀባዩ ሰርቨር ይመልሰዋል። ጥፋቱ የሚቆጠረው ግን ምንም ባላደረገው ተቀባይ ላይ ነው፤ ሲደጋገም ሜይልማን ያግደዋል፤ ይሄ ያሳዝናል።

የሠራው ይሄ ነው፦ ፖስቶሪየስ (የሜይልማን ማስተዳደሪያ ድረ ገጽ) ላይ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዲማርክ ሚቲጌሽንስ» ገብቼ «ሪፕሌስ ፍሮም ዊዝ ሊስት አድሬስ» የሚለውን መረጥኩ፤ የላኪውን አድራሻ በቡድኑ አድራሻ ይተካል። ቀጥዬ የታገዱትን በሙሉ ወደ «ኢኔብልድ» መለስኳቸው። ይህን አትርሱ፤ በራሳቸው አይመለሱም።